የአካላዥያ ኦፕራሲዮን፦ ምግቡ ማለፍ ከጀመረ በኋላ ቃሩን እንዴት እንከላከል?

ታናሽ_ወንድም_አዳማ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጉዳዩ የታላቅ እህቴ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እህቴ የምትኖረው አዳማ ነው። ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። ስትበላ ምግቡ ደረቷ መሃል ላይ ይቆማል። ሥጋ፣ ዳቦ፣ ውሃ ልዩነት የለውም፤ እንዲያውም ሥጋው አልፎላት ውሃው የሚቆምበት ቀን አለ። ቆማ፣ ትከሻዋን ወደ ኋላ ስባ፣ ውሃ ደራርባበት ነው ጉርሻዋን የምታወርደው። ማታ ተኝታ ሳለ ቀን የበላችው እንጀራ እንዳለ ይመለስና በሳል ታፍና ትነሳለች። ሰው ፊት መብላት ስለምታፍር ሠርግ መሄድ ትታለች።

ለረጅም ጊዜ “ጨጓራ ነው” ተብላ የጨጓራ መድኃኒት ስትውጥ ከረመች። ከዛ ሳሉና ክሳቱ ሲደራረብ ቲቢ ተጠረጠረ፣ አክታዋ ታየ፣ የለም ተባለ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ባሪየም አስጠጥቶ ራጅ አስነሳት፣ ቀጥሎ ኢንዶስኮፒ አሠራት። አካላዥያ ነው አለን፣ የምግብ ቧንቧዋ ታችኛው ጫፍ አልከፈት ይላል ማለት ነው። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላታል።

ችግሩ የመጣው እዚህ ጋ ነው። ወረፋ ስትጠብቅ አጠገቧ የነበሩ ሴትዮ “እሱን ከተሠራሽ ዕድሜ ልክሽን ቃር ነው የሚያቃጥልሽ፣ ዘመዴ ተሠርታ ስትጸጸት ነው የምትኖረው” አሏት። በቃ። ከዛ ቀን ጀምሮ አልሠራም ብላለች። እውነት ነው እንዴ? ቃሩ የማይቀር ከሆነ መከላከያ የለውም? የተሠራ ወይም የሚያውቅ ሰው ካለ ንገሩኝ።


የሌሊት_ተረኛ፦

ነርስ ነኝ፣ ሰርጂካል ዋርድ። ሌላውን የሚያውቁት ይመልሱልህ፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማታ ማታ እየተመለሰ የሚያስላት ነገር ከቃሩ በላይ ያስፈራኛል። ወደ ሳንባ ሲገባ ኒሞኒያ ያመጣል። እስከዛው ማታ አርፍዳ አትብላ፣ ዘጭ ብላም አትተኛ፣ ከወገቧ በላይ ቀና ትበል። ውሃ ጭራሽ እምቢ ያላት ቀን ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።


እትዬ_የሶደሬ_መንገድ፦

ልጄ፣ እህትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ተልባ በጥብጣችሁ በባዶ ሆዷ ስጧት፣ ያለሰልሳል። ጸበልም አትርሱ። ቢላ ከመጣ በኋላ እኮ አይመለስም።


ሐኪም_ነኝ_የእናንተ_ግን_አይደለሁም፦

ስሜ እንደሚለው ነው፤ ያላየኋትን ሰው ማከም አልችልም። የሕክምናውን አሠራር ግን ላስረዳ፣ ምክንያቱም እኚያ ሴትዮ ያሉት ግማሽ እውነት ነው፣ ሰው የሚጎዳው ደግሞ በግማሽ እውነት ነው።

መጀመሪያ ይሄን እንያዝ። ኦፕራሲዮኑ በሽታውን ከሥሩ አያድንም። የምግብ ቧንቧ ታችኛው ጫፍ ላይ፣ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ የቀለበት ጡንቻ አለ። ስንውጥ ይለቃል፣ ከዛ ይዘጋል። አካላዥያ ላይ ይሄን ጡንቻ “ልቀቅ” የሚሉት የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ። ቀለበቱ እንደተዘጋ ይቀራል። ቧንቧው ራሱም ምግብ እየጨመቀ ወደ ታች የመግፋት ሥራውን ያቆማል። የሞተውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ቀለበቱ ውስጥ የሚነፋ ባሎን በሉት፣ ቢላ በሉት፣ በአፍ የሚገባ ኢንዶስኮፒ በሉት፣ ሁሉም የሚሠሩት አንድ ነገር ነው፦ ቀለበቱን ማላላት። ከዛ በኋላ ምግቡ የሚወርደው በአብዛኛው በራሱ ክብደት ነው።

ታዲያ ያ ቀለበት ሌላም ሥራ ነበረው። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክለው እሱ ነው። ስናላላው ምግቡ ይወርዳል፣ አሲዱ ደግሞ መውጫ ያገኛል። የቃሩ ምንጭ ይሄው ነው። ሴትዮዋ እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው።

ያልነገሯት ነገር ቀዶ ሐኪሞች ይሄን ካወቁ ብዙ ዘመን እንደሆናቸውና ኦፕራሲዮኑ ላይ መከላከያ እንደጨመሩበት ነው። ጡንቻውን የመቁረጥ ኦፕራሲዮን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው፣ ጀርመናዊው ኤርንስት ሄለር ሠራው፣ እስከ ዛሬ በሱ ስም “ሄለር ማዮቶሚ” ይባላል። ሄለር ቧንቧውን በፊትም በኋላም ነበር የቆረጠው። በኋላ የፊቱ ብቻ እንደሚበቃ ታወቀ። የሚቆረጠው የውጪው ጡንቻ ብቻ ነው፤ የውስጡ ስስ ሽፋን ሳይነካ ይቀራል። የሚቆረጠው ቦታ ቧንቧው ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ወደ ጨጓራው ደግሞ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል።

ጣጣው ያለው እዚህ የታችኛው 2 እና 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ቃር ፈርቶ ቶሎ ካቆመ ቀለበቱ በደንብ አይከፈትም፤ ሰውየው ተሠርቶም ምግብ ይቆምበታል። ከኦፕራሲዮን በኋላ መዋጥ እንደገና የሚያስቸግራቸው ሰዎች ጋ ከምናገኛቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። በደንብ ከወረደ መዋጡ ይስተካከላል፣ ቃሩ ግን ይብሳል። ስለዚህ ዛሬ የሚደረገው እስከ ታች በደንብ መቁረጥ፣ ከዛ የጨጓራውን የላይኛ ክፍል አምጥቶ የተቆረጠው ቦታ ላይ መስፋት ነው። ፈንዶፕሊኬሽን ይባላል። ከሄለር ጋር በዚያው ኦፕራሲዮን፣ በዚያው ሰመመን ይሠራል።

ለውጥ ያመጣል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት አለ። ሕመምተኞቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፣ ግማሹ ሄለር ብቻ፣ ግማሹ ሄለር ከፈንዶፕሊኬሽን ጋር። ከ6 ወር በኋላ ቧንቧቸው ውስጥ ያለውን አሲድ ለኩ። ሄለር ብቻ ከተሠሩት 47.6 በመቶው ላይ ከመጠን ያለፈ አሲድ ተገኘ። ከተሰፋላቸው ጋ 9.1 በመቶ ነው። ትንሽ ጥናት ነው፣ 43 ሰው ነው የነበረው፣ ግን ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው።

እትዬ፣ ተልባውን ክፉ ነው አልልም። ግን ቀለበቱን አያላላውም፣ እዛው ከላይ ቆሞ ነው የሚቀረው። ጸበሉን በእምነትዎ አልገባም። አንድ ነገር ብቻ፣ ብዙ ጸበል በአንዴ ጠጥቶ ማስመለስ ለዚህ በሽታ አደገኛ ነው፤ የተጠራቀመው ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በትንሽ በትንሹ፣ ቁጭ ብላ ትጠጣ።


እትዬ_የሶደሬ_መንገድ፦

ይባርክህ ልጄ፣ እሱን አላወቅሁም ነበር።


ታናሽ_ወንድም_አዳማ፦

ዶክተር በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ጨጓራውን አምጥተው የሚሰፉት ከሆነ ያላሉትን መልሰው ማጥበቃቸው አይደለም?


ሐኪም_ነኝ_የእናንተ_ግን_አይደለሁም፦

ወሳኝ ጥያቄ ነው የጠየቅኸው። መልሱ አሰፋፉ ላይ ነው።

ሦስት ዓይነት አሰፋፍ አለ፣ በፈለሰፏቸው ሐኪሞች ስም ነው የሚጠሩት። ኒሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው፣ ጨጓራውን ቧንቧው ዙሪያ ሙሉ 360 ዲግሪ ይጠቀልለዋል። ዶር፣ በ1962፣ ከፊት ለፊት ብቻ ግማሽ ዙር ያህል ያለብሰዋል። ቱፔ፣ በ1963፣ ከኋላ ዞሮ 270 ዲግሪ ያህል ይይዘዋል። ኒሰን ሻሽ አንገት ላይ አዙሮ እንደማሰር ነው፤ ዶር ግን ነጠላ ደረት ላይ ጣል እንደማድረግ ነው።

ኒሰን ቧንቧው ጤነኛ ሆኖ ቃር ብቻ ላለበት ሰው ጥሩ ነው። የአካላዥያ ሰው ግን የሚገፋ ቧንቧ የለውም። ሙሉ ዙሩን ካሰርክበት አንተ እንዳልከው ቀዳዳውን መልሰህ ዘጋህበት ማለት ነው። ይሄም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ሄለር ላይ የሚጨመሩትን ዶርና ኒሰንን እርስ በርስ አወዳድሮ፣ ሰዎቹን 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ተከታትሎ፣ መዋጥ እንደገና ያስቸገራቸው ዶር ከተሠሩት 2.8 በመቶ፣ ኒሰን ከተሠሩት ግን 15 በመቶ ሆነው ተገኙ። ቃሩን በመከላከል ኒሰን ከዶር ትንሽ ይሻላል ቢባል እንኳን፣ ያ ጥናት የጎላ ልዩነት አላገኘም። ደግሞም ቃር ክኒን አለው፣ የማያልፍ ምግብ ክኒን የለውም። ለዚህ ነው ለአካላዥያ ግማሹ አሰፋፍ የሚመረጠው።

ዶር ወይስ ቱፔ ከተባለ፣ ያወዳደሯቸው ጥናቶች ይሄን ያህል የሚያጣላ ልዩነት አላገኙም። ዶር የተቆረጠውን ቦታ ከላይ ይሸፍነዋል። ሽፋኑ ላይ ሳይታይ የቀረ ትንሽ ቀዳዳ ቢኖር እንኳን መከታ ይሆነዋል። ከቧንቧው ኋላ ያለውን ሥጋ መፍታትም አይጠይቅም። ቱፔ ደግሞ የተቆረጠውን ጡንቻ ጠርዞች ግራና ቀኝ ከፍቶ ይይዛቸዋል፣ መልሰው እንዳይገጥሙ። እኔ እጁ የለመደውን የሚሠራ ሐኪም እመርጣለሁ።


ቡና_ያለ_ስኳር፦

የተሠራ ካለ ብለሃል፣ አለሁ። ሐዋሳ ነኝ። ዓመታት ሆኖኛል። ሆዴ ተከፍቶ ነው የተሠራሁት፣ በካሜራ አልነበረም።

ለእህትህ ንገራት፣ የመጀመሪያውን ሾርባ ስጠጣ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ደንግጬ ማንኪያውን አስቀመጥኩት። የሚቆም ነገር መጠበቅ ለምጄ ነበር። ቃር አለብኝ? አዎ፣ አንዳንዴ። ግን በፊት ቃር አልነበረኝም እንዴ? ደረቴ ሲነድ ነው የኖረው። ምን እንደሚያቃጥለኝ ግን አላውቅም ነበር። ዶክተር እስቲ እሱን ንገራቸው፣ እኔ ስናገር ይዘባረቅብኛል።

አሁን የምኖርበትን ልንገራችሁ። እራት በጊዜ እበላለሁ፣ ከዛ ሳልተኛ 3 ሰዓት ያህል እቆያለሁ። ቤተሰቤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሲበላ እኔ አብሬ ቁጭ ብዬ ወሬ ነው የማወራው። ከአልጋዬ ራስጌ ሥር ጡብ አስገብቻለሁ። ትራስ መደራረብ አይበቃም፣ ወገብ ላይ ያጥፍሃል፣ ሆድ ይጨመቅና ይብሳል። አልጋው እንዳለ ነው መነሳት ያለበት። በቃ እንዲህ ነው። ቡና እጠጣለሁ፣ ስኳሩን ያስቀረሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። በርበሬ የበዛበት ወጥ ማታ አልበላም፣ ቀን ላይ እበላለሁ። ጥሬ ሥጋ በደንብ አኝኬ። ማኘክ አትርሱ፣ ቧንቧችን አይገፋልንም።


ሐኪም_ነኝ_የእናንተ_ግን_አይደለሁም፦

ቡና ያለው ነገር ዋጋ አለው። የአካላዥያ ሰው ኦፕራሲዮን ሳይሠራም ቃር የሚመስል ማቃጠል ሊኖረው ይችላል። ቀለበቱ ጥብቅ ሆኖ ሳለ አሲድ ከታች እንዴት ይወጣል? በአብዛኛው አይወጣም። ቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመው ምግብ እዛው ይቦካል፣ የቦካው ነው የሚያቃጥለው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ “ጨጓራ” ተብለው ኦሜፕራዞል ለወራት ሲውጡ ከርመው ምንም የማይቀልላቸው። የጨጓራ መድኃኒት የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል እንጂ ቧንቧ ላይ የቆመ እንጀራን ምን ያደርገዋል።

ከኦፕራሲዮን በኋላም ይሄ ነገር ያሳስታል። ሰው ሲያቃጥለው “ቃር መጣ” ይላል፣ ግን ቀለበቱ በደንብ ሳይከፈት ቀርቶ የቆመው ምግብ እየቦካ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሕክምናቸው ተቃራኒ ነው። አንዱ አሲድ መቀነሻ ይፈልጋል፣ ሌላው እንደገና ማላላት። በመጠየቅ ብቻ አይለዩም። ባሪየም አጠጥቶ በ1፣ በ2 እና በ5 ደቂቃ ራጅ በማንሳት ምን ያህሉ እንደቀረ ይታያል፣ የአሲድ መለኪያ ባለበት ቦታ ደግሞ አሲዱ ከታች መውጣቱ ይረጋገጣል። የሴትዮዋ ዘመድ የቱ እንደሆነባት ማን ያውቃል።


ዱባይ_ነኝ_ልቤ_ናዝሬት፦

ሰላም የአገሬ ልጆች። እኔ ጋ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ይሄው በሽታ ነበረባት፣ ሆዷ ሳይነካ በአፏ ገብተው ሠሯት። ፖኤም ይባላል። ጠባሳ የለ፣ ምን የለ፣ ቶሎ ወደ ሥራ ተመለሰች። ቤተሰብ ተዋጥቶ እህትህን ውጪ ማሠራት ከቻላችሁ ለምን ሆድ ትከፈታለች?


ሐኪም_ነኝ_የእናንተ_ግን_አይደለሁም፦

ፖኤም ጥሩ ሕክምና ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሃሩሂሮ ኢኖዌ ነው እ.ኤ.አ. በ2008 በሰው ላይ የጀመረው። በኢንዶስኮፒ ገብተው የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ትንሽ ይከፍቱና ከሥሩ መተላለፊያ ሠርተው ጡንቻውን ከውስጥ ይቆርጣሉ። ሲጨርሱ መግቢያውን በክሊፕ ይዘጉታል።

ግን የዚህ ውይይት ጥያቄ ቃር ነው፣ ፖኤም ደግሞ በዛ ላይ ነው የሚሸነፈው። ጡንቻው ይቆረጣል፣ የሚሰፋ ጨጓራ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት ፖኤምን በካሜራ ከሚሠራ ሄለርና ዶር ጋር አወዳደረ። ከ2 ዓመት በኋላ የመዋጥ ውጤታቸው እኩል በሚባል ደረጃ ነው፣ 83 በመቶና 81.7 በመቶ። የቧንቧ መቁሰሉ ግን ፖኤም ጋ 44 በመቶ፣ ሄለርና ዶር ጋ 29 በመቶ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፣ 57 እና 20። ልብ በሉ፣ ከሄለርና ከዶርም በኋላ 29 በመቶ ላይ ቁስለት አለ። መከላከያው ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባላችሁን ሰው አትመኑ።

ፖኤም የሚበልጥበት ሕመምተኛ አለ። አካላዥያ ሦስት ዓይነት ነው። ሦስተኛው ላይ ቧንቧው ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ በኃይል ይኮማተራል፣ የደረት ሕመም አለው። እሱ ጡንቻው ረዘም ተደርጎ እንዲቆረጥ ይፈልጋል፣ ያን ደግሞ ከሆድ በኩል ሆኖ መድረስ ከባድ ነው። ዓይነቱን የሚለየው ማኖሜትሪ የሚባል የግፊት መለኪያ ነው፣ በአፍንጫ የሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ በየሆስፒታሉ የሚገኝ ምርመራ አይደለም።

ለአዳማ ሰው ግን አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ውጪ አገር ተሠርቶ መምጣት ቀላል ነው። ከዛ በኋላ ቁስለቱን በየጊዜው ኢንዶስኮፒ የሚያይልህ፣ ምን እንደተሠራህ የሚያውቅ ሐኪም ቅርብህ ካልሆነ ግን የቀረው ሥራ ሁሉ ያንተ ሸክም ይሆናል።


ዱባይ_ነኝ_ልቤ_ናዝሬት፦

እሺ ዶክተር፣ ገብቶኛል። ገንዘቡን ግን አሁንም እልካለሁ፣ ለየትኛውም ይሁን።


የአርሲ_ልጅ፦

ይቅርታ ወሬ ላቋርጥ። እኛ ጋ ምግብ ቆመብኝ ያለ ሰው ሁሉ የሚያስበው ካንሰር ነው። አባቴን የቀበርኩት በዚሁ ነው። እህትህ በእርግጥ አካላዥያ መሆኑን በምን አወቁ? ኢንዶስኮፒው ላይ ናሙና ወስደዋል?


ሐኪም_ነኝ_የእናንተ_ግን_አይደለሁም፦

የአባትህን ነፍስ ይማር። ፍርሃትህ መሠረት አለው፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር አርሲና ባሌ አካባቢ በብዛት የሚታይ በሽታ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ለመዋጥ የተቸገረ ሁሉ ኢንዶስኮፒ ሳይታይ አካላዥያ ነው ተብሎ መደምደም የለበትም።

ልዩነቱ በታሪኩ ይጀምራል። ካንሰር ብዙውን ጊዜ በጠጣር ምግብ ይጀምርና በወራት ውስጥ ወደ ፈሳሽ ይደርሳል። አካላዥያ ከመጀመሪያው ሁለቱንም ይይዛል፣ ለዓመታት ይጓተታል፣ አንዳንድ ቀን ሻል ይላል። የእህቱ ታሪክ ወደዚህ ያጋድላል። አሳሳቹ ግን በጨጓራው አፍ ላይ ያለ ካንሰር ነው፣ ራጁ ላይ ቁርጥ አካላዥያ ሊመስል ይችላል። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ችግሩ ከጀመረው ጥቂት ወራት ብቻ የሆነው፣ በፍጥነት የከሳ ሰው ከሆነ ኢንዶስኮፒው ቦታውን በደንብ ማየት አለበት፣ ካስፈለገም ሲቲ ስካን። የኢንዶስኮፒ ወረቀቷ ላይ ቀለበቱ ምን መስሎ እንደታየ ተጽፏል፣ ይዛችሁት ሂዱ፣ ለቀዶ ሐኪሙ አሳዩት።


ታናሽ_ወንድም_አዳማ፦

ወረቀቱን አየሁት። “ቀለበቱ ጥብቅ ነው፣ የኢንዶስኮፒው ቱቦ በትንሽ ግፊት ያልፋል፣ እብጠት የለም” የሚል ነው የገባኝ። ናሙናም ተወስዶ ነበር፣ ንጹህ ነው ብለውናል።


ሐኪም_ነኝ_የእናንተ_ግን_አይደለሁም፦

ጥሩ። በትንሽ ግፊት ማለፉ ደስ የሚል ነው።


ጠርጣሪ_ነኝ፦

ሁላችሁም ስለ ቢላ ትላላችሁ። ባሎኑስ? ጎረቤቴ በባሎን ተነፍቶለት ድኗል፣ ሆዱ አልተከፈተ፣ ቃርም የለበት። ደግሞ ኦሜፕራዞል ዕድሜ ልክ ተውጦ ኩላሊት ነው የሚያጠፋው፣ ማንም አይነግራችሁም።


ሐኪም_ነኝ_የእናንተ_ግን_አይደለሁም፦

ባሎኑን ማንም አልደበቀም፣ ጥያቄው ስለ ኦፕራሲዮን ስለነበረ ነው። በ30 ሚሊ ሜትር ስፋት ባሎን ተጀምሮ፣ ካልበቃ 35፣ ከዛም 40 ይደረሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአውሮፓ ጥናት ከ2 ዓመት በኋላ ሕክምናው የሠራላቸው ባሎን ጋ 86 በመቶ፣ ሄለር ከዶር ጋር ደግሞ 90 በመቶ ሆነው አግኝቷል፣ ብዙም የሚራራቁ አይደሉም። ቃሩም ከፖኤም በእጅጉ ያንሳል፤ ሁለቱን ባወዳደረ ሌላ ጥናት የቧንቧ መቁሰል ባሎን ጋ 7 በመቶ፣ ፖኤም ጋ 41 በመቶ ነበር። ያ ጥናት ግን መዋጡ ላይ ፖኤምን ነው ያስበለጠው፣ 92 በመቶ ለ54። ባሎን መደጋገም ሊፈልግ ይችላል። ቧንቧውን የመቅደድ ዕድልም አለው፤ ትንሽ ነው ግን ሲመጣ ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ነው፣ ስለዚህ ቀዶ ሐኪም በሌለበት ቦታ አይነፋም። ወጣት ወንዶች ላይ ደካማ ነው፣ ሴቶችና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ላይ የተሻለ ይሠራል። ስለዚህ እህቱ ስለ ባሎንም መጠየቅ መብቷ ነው።

ስለ ኦሜፕራዞል፦ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከቫይታሚን ቢ12 መቀነስና ከመሳሰሉት ጋር ተያይዟል፣ ኩላሊትም ላይ ክትትል ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ገዝቶ መዋጥ ትክክል አይደለም። ግን ቁስለቱ ሳይታከም ሲቀርም ዋጋ አለው። ቧንቧው ይጠባል፣ ሽፋኑ ይለወጣል፣ ሰውየው “መልሶ ዘጋኝ” ብሎ ይመጣል። ከሁለቱ የቱን እንደምመርጥ ግልጽ ነው።


የሌሊት_ተረኛ፦

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ስላለው ቀን ማንም አላነሳም። ሐኪሟ ከነገራት ቀን ጀምሮ ፈሳሽ ብቻ፣ የተጣራ ነገር። ጠዋት አልበላሁም ማለት አይበቃም። ትናንትና የበላችው ቧንቧዋ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ሰመመን ሲሰጣት ወደ ሳንባ ይገባል። ለሰመመን ባለሙያው “አካላዥያ ነው” ብላችሁ በአፋችሁ ንገሩት፣ ቻርቱ ላይ አለ ብላችሁ አትተማመኑ። ወፍራም አጥሚት፣ ተልባ፣ ገንፎ፣ ምንም። እትዬ ይቅርታ፣ ተልባውን በድጋሚ ነካሁት።


እትዬ_የሶደሬ_መንገድ፦

ምን አለበት ልጄ፣ ለምህረት ነው።


ታናሽ_ወንድም_አዳማ፦

ይሄን ሁሉ ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ነጠላው ስትሰማ ሳቀች፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ። ሄዳ ሐኪሙን ራሷ ልትጠይቀው ነው፦ የሚቆርጠውን ጨጓራዋ ላይ ምን ያህል እንደሚያወርድ፣ ከዛ ላይ የቱን እንደሚሰፋ፣ ሽፋኑ ቢቀደድ እዛው እንደሚሰፋው፣ ባሎን ለምን እንዳልመረጠላት። ተመልሼ እነግራችኋለሁ።


ቡና_ያለ_ስኳር፦

ምን ያህል ሠርተሃል ብላም ትጠይቀው። ጥሩ ሐኪም አይቆጣም።


ታናሽ_ወንድም_አዳማ፦

ተመለስኩ፣ ቆየሁባችሁ።

ተሠርታለች። ሄለር ከዶር ጋር፣ ሆድ ተከፍቶ። ሐኪሙ በጥያቄዋ አልተቆጣም፣ እንዲያውም ወረቀት ላይ ሥሎ ነው ያስረዳት። ሲጨርሱ ቀዳዳ እንዳይኖር በኢንዶስኮፒ ከውስጥ አዩት። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ከዛ ለስላሳ ነገር፣ አሁን ሽሮ ፍርፍር ላይ ናት። ክብደት ጨምራለች፣ ማታ አትስልም። አልጋዋን አባቴ ነው በጡብ ያነሳው፣ ልጆቹ መጀመሪያ ቀን እየተንሸራተቱ ሲስቁ አደሩ።

አሁን የመጣሁት ለሌላ ነው። ኦሜፕራዞል ጽፈውላታል፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላ ትውጣለች። እሷ ግን “ምንም አያቃጥለኝም፣ ለምን እውጣለሁ” ብላ ልታቆም ነው። ጾምም ደርሷል፣ ቁርስ የለም ትላለች። ታቁም?


ሐኪም_ነኝ_የእናንተ_ግን_አይደለሁም፦

እንኳን ደስ አላችሁ። በራሷ አታቁም።

የአካላዥያ ሰው ቧንቧ ስሜቱ ይደክማል። አሲድ እየወጣ ቁስለት እየሠራ ምንም የማይሰማቸው ብዙ አሉ፣ ስለዚህ “አያቃጥለኝም” የሚለው ማስረጃ አይሆንም። የቀጠሮዋ ኢንዶስኮፒ እስኪታይ ትውጥ። ቁስለት ከሌለ ሐኪሟ ይቀንስላታል ወይም ያቆምላታል። ባሪየሙም በድጋሚ ይነሳ፣ ከድሮው ጋር ጎን ለጎን እንዲታይ፣ ስለዚህ የድሮውን ራጅ አትጣሉ። በጾም ወቅት ከመጀመሪያው ምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትውጠው፣ ሰዓቱ ቢዘገይ ችግር የለውም። ጾሙን ስትፈታ ግን ያልበላችውን ሁሉ በአንዴ አትብላ፣ ማታ ላይ ደግሞ በፍጹም።


ታናሽ_ወንድም_አዳማ፦

እሺ። ራጁን እኔ ጋ አስቀምጫለሁ። የኢንዶስኮፒው ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ እኔ ነኝ የምወስዳት።